ጧሪው ማን ይሆናል? የአረጋውያን እንክብካቤ መጪ ዘመን፦ ዳሰሳ

ማኅበራዊ እንክብካቤ ሕክምና አይደለም፤ ያለ እርሱ ግን ሕክምናውም አይዘልቅም። ሰውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ ደግፎ ማንሳት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ገበያ መላላክ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ማጫወት፦ ሥራው ይህ ነው። ተቀባዩ አካል ጉዳተኛ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ወይም አሳዳጊ ያጣ ሕፃን ሊሆን ይችላል። በመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ፍላጎቱ በፍጥነት የሚያድገው ግን በአረጋውያን በኩል ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ቢሊዮን የነበሩት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች በ2050 ቁጥራቸው 2.1 ቢሊዮን ይደርሳል፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይሆናል። ይህን ሁሉ ሰው የሚንከባከበው ዛሬም ቢሆን በአብዛኛው ደመወዝተኛ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰብም ሚስት፣ ሴት ልጅና ምራት።

ይህ አደረጃጀት በሁለት በኩል እየተለወጠ ነው። ሰዎች ስለ እርጅና፣ ስለ ልጅ ግዴታና ስለ ሴት ሥራ ያላቸው አመለካከት እየተቀየረ ነው፤ የእንክብካቤው ሥራም ከማስጠንቀቂያ ደወል እስከ ሮቦት፣ ከስልክ ገንዘብ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ድረስ መሣሪያ እየገባበት ነው። በአደባባይ ወሬ የሚበዛው ስለ መሣሪያው ነው። ቀድመው በዚህ መንገድ የሄዱት አገሮች ታሪክ ሲታይ ግን ውጤቱን የወሰነው በቅድሚያ አመለካከቱ ነው። ግዴታው የማን ነው፣ ወጪውስ የማን ነው የሚለው ሳይለይ የገባ መሣሪያ ብዙ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ ልጅ ጧሪና ቀባሪ ነው የሚለው እምነት የምግባር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የኑሮ ስሌትም ነበር። ጡረታ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለልጁ ያወርሳል፤ ልጁም ወላጁን ይጦራል። ልጅ የሌለው ወይም ዓለም በቃኝ ያለ ደግሞ መንኩሶ ገዳም ይገባል፤ ካልሆነም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠግቶ ይኖራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ወላጅና ልጅ እርስ በርስ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሕጉ ባለበት አለ፤ ስሌቱ ግን ተለውጧል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በአገር ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8 መሆኑን አሳይቷል። አምስትና ስድስት ልጆች ተራ ገብተው ያስታምሙት የነበረ ወላጅ በከተማ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ይኖረዋል ማለት ነው፤ ከእነዚያም አንዱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን ለብዙ ዘመን የሸፈነችው ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ነበረች። ዛሬ እርሷም ፋብሪካ ትገባለች፤ አለዚያ ዓረብ አገር ትሄዳለች።

የመኖሪያ ቤቱም ለውጥ ቀላል አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አብዛኞቹ ሊፍት የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ናቸው። ጉልበታቸው የደከመ እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ዕጣ ከወጣላቸው ቤተ ክርስቲያን መሳሙም፣ ለቅሶ መድረሱም፣ ከጎረቤት ቡና መጠጣቱም አብሮ ይቀርባቸዋል። የመሀል ከተማ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱና ነዋሪው ወደ ዳር ሲበተን እድሩም አብሮ ይበተናል። ይህ በየትኛውም የእንክብካቤ ፖሊሲ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም፤ በአረጋውያን ኑሮ ላይ ያለው ክብደት ግን ከብዙ ፖሊሲዎች ይበልጣል።

አንዳንድ መንግሥታት የላላውን የልጅ ግዴታ በሕግ ለማጥበቅ ሞክረዋል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ወላጅ ልጁን ቀለብ እንዲቆርጥለት የሚከስበት ልዩ ችሎት አቋቁማለች። ቻይና ከ2013 ጀምሮ ርቀው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲጠይቁ የሚያዝ ድንጋጌ በሥራ ላይ አውላለች። ሕግ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ገላ ማጠብን፣ ሌሊት ተነስቶ ማገላበጥን ግን ማስገደድ አይችልም። ሲንጋፖርም ሆነች ቻይና በዚህ ሕግ ብቻ አልቆሙም፤ ሁለቱም በኋላ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ወደ መዘርጋትና ወደ መሞከር ሄደዋል።

አመለካከት እንዴት ወደ ሥርዓት እንደሚለወጥ በግልጽ የሚታየው በጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ደራሲት ሳዋኮ አሪዮሺ የመርሳት ሕመም የያዛቸውን አማቷን የምታስታምም አንዲት ሠራተኛ ሴት የምትገኝበትን ልቦለድ አሳተመች። መጽሐፉ እጅግ በብዛት ተሸጠ፤ በየቤቱ ተሸፍኖ የነበረውንም ጣጣ አደባባይ አወጣው። በተከተለው ዓመት መንግሥት ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት ሕክምናን ነፃ አደረገ። ይህ የታሰበውን ያህል አልጠቀመም። ቤቱ አስታማሚ የሌለው አረጋዊ ሕክምና ባያስፈልገውም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሆስፒታል ይተኛ ጀመር፤ አልጋው ተያዘ፣ ወጪው ናረ። የጎደለው ሐኪም ሳይሆን ተንከባካቢ መሆኑ ሲታወቅ በ1989 የአሥር ዓመት የእንክብካቤ አገልግሎት ማስፋፊያ ዕቅድ ወጣ። በ1997 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሕግ ጸደቀ፤ ከሚያዝያ 2000 ጀምሮም ተግባራዊ ሆነ።

በዚህ ሥርዓት ዕድሜው 40 የሞላ ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፤ የወጪው ግማሽ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል። 65 የሞላውና እርዳታ የሚሻ ሰው ገቢው ሳይሆን የአካሉና የአእምሮው ሁኔታ ይመዘናል። ሁለት የድጋፍና አምስት የእንክብካቤ ደረጃዎች አሉ፤ ተጠቃሚው በተመደበበት ደረጃ ልክ ቤት ለቤት የሚመጣ ረዳት፣ የቀን መዋያ ወይም የአዳሪ ተቋም ያገኛል። ከዋጋው አንድ አሥረኛውን ራሱ ይከፍላል፤ ገቢው ከፍ ያለ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት አሥረኛ። የሕጉ ጉልህ ምርጫ ለሚያስታምም ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ አለመስጠቱ ነው። ጀርመን በ1995 በጀመረችው ተመሳሳይ መድን ቤተሰብ ከፈለገ ገንዘቡን ይወስዳል። በጃፓን ግን የሴቶች ማኅበራት ይህን ተቃወሙ፤ ገንዘቡ ከመጣ ምራቲቱ በትንሽ ክፍያ ከአማቶቿ አልጋ ጋር ታስራ ትቀራለች፣ የሚያስፈልገው ሸክሙን የሚጋራ ባለሙያ ነው አሉ። ክርክሩን አሸነፉ። ስለ ምራት ድርሻ የተለወጠ አመለካከት እንዲህ ሆኖ የሕግ አንቀጽ ወሰነ።

ሌላው ለውጥ የእፍረቱ ነው። እንግዳ ሰው ገብቶ እናቱን ሲያጥብለት የሚያፍር የነበረ ቤተሰብ መዋጮ የከፈለበትን አገልግሎት እንደ መብቱ መውሰድ ጀመረ። ምጽዋትን የሚሸሽ ሰው የመድን ካርዱን ከማውጣት አይሸማቀቅም። ወጪው ግን እየከበደ ነው። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ከሕዝቡ 29 በመቶ ገደማ ደርሰዋል፤ እነዚህ ሰዎች ለመድኑ የሚያዋጡት ገንዘብም በ2000 በአማካይ በወር 2,911 የን የነበረው ዛሬ ከ6,000 የን በላይ ነው።

ብሪታንያ በተቃራኒው ውሳኔውን ከሰባ ዓመታት በላይ ስታሸጋግር የኖረች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1948 ሕክምና ለሁሉም ነፃ ሲሆን ማኅበራዊ እንክብካቤ በአካባቢ አስተዳደሮች እጅ፣ በገቢና በንብረት ምዘና ተለይቶ ቀረ። ካንሰር የያዘው ሰው በነፃ ይታከማል፤ የመርሳት ሕመም የያዘው ግን ለእንክብካቤው ቤቱን እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል። በእንግሊዝ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ጥሪት ያለው ሰው የእንክብካቤ ወጪውን በራሱ ይሸፍናል፤ ይህ ጣሪያ ከ2010 ወዲህ አልተነሳም። በ2011 የኢኮኖሚ ባለሙያው አንድሩ ዲልኖት የመሩት ኮሚሽን አንድ ሰው በዕድሜ ልኩ የሚከፍለው ገንዘብ ወሰን እንዲበጅለት ሐሳብ አቀረበ። ሕግ ወጣ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ተራዘመ፤ በ2024 ዕቅዱ ጭራሹኑ ተሰረዘ። ስኮትላንድ በበኩሏ ከ2002 ጀምሮ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት የግል እንክብካቤን ነፃ አድርጋለች። በአንድ ንጉሥ ሥር ያሉ ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ሰጥተዋል።

ብሪታንያ ለሌላው ዓለም ትምህርት የሆነችው በአካል ጉዳተኞች ንቅናቄ በኩል ነው። በአሜሪካ ኤድ ሮበርትስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1972 በበርክሌይ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል አቋቋሙ፤ በብሪታንያም ችግሩ ያለው በአካሉ ሳይሆን በደረጃው፣ በበሩና በሕጉ ነው የሚል አስተሳሰብ በእነዚያው ዓመታት ጎለበተ። የንቅናቄው ፍሬ የሆነ የ1996 ሕግ ተረጂው በጀቱን በገንዘብ ተቀብሎ ተንከባካቢውን ራሱ እንዲቀጥር ፈቀደ፤ በኋላ አረጋውያንም ተካተቱበት። ማን እንደሚያጥበው፣ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ የሚወስነው ራሱ ተረጂው ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ስለ አረጋውያን ሲወራ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አረጋዊው የሚታዘንለት ነው እንጂ የሚጠየቅ አይደለም።

ወደ መሣሪያው ሲመጣ አንጋፋው በአንገት የሚንጠለጠል የአደጋ ደወል ነው፤ የወደቀ ሰው ሲጫነው ጥሪው በስልክ መስመር ወደ ማዕከል ይደርሳል። በብሪታንያ ብቻ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዚህና በመሰል የርቀት መሣሪያዎች ይጠቀማሉ። መንግሥት መሣሪያው የሆስፒታል ወጪ ይቀንሳል ብሎ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሰፊ ሙከራ አካሂዶ ነበር፤ በ2013 የታተመው ውጤት የቤት ውስጥ ደወልና ዳሳሽ የተገጠመላቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ካልተገጠመላቸው ጉልህ በሆነ መጠን ያነሰ አገልግሎት እንዳልተጠቀሙ አሳየ። ደወሉ ለባለቤቱ የአእምሮ ዕረፍት ይሰጣል፤ ሲደወል የሚመጣ ሰው ግን ያው ያስፈልጋል። የስልክ ኩባንያዎች የድሮውን የመዳብ መስመር ወደ ዲጂታል ሲቀይሩ ደግሞ አንዳንድ ደወሎች ሳይሠሩ ቀርተው ከባድ አደጋ ደረሰ፤ ቅያሪው በ2023 መጨረሻ ለጊዜው ቆመ፣ ማጠቃለያውም ወደ 2027 ተገፋ። ሕይወት የተንጠለጠለበት መሣሪያ ተጠቃሚው በማያውቀው ሌላ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ዋጋ ሊያጣ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሮቦቱ ከደወሉ የበለጠ ዝና አለው። ጃፓን ከማንም በላይ ገንዘብ አፍስሳበታለች። የሪከን ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ሰውን ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሸጋግር የድብ ፊት ያለው ሮቦት አሳይቶ ነበር፤ ፎቶው ዓለምን ዞረ፣ ሮቦቱ ግን ገበያ አልወጣም። በታካኖሪ ሺባታ የተሠራው ፓሮ የተባለው የባሕር አቆስጣ ግልገል መሰል አሻንጉሊት የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ ከ2005 ጀምሮ ይሸጣል፣ በ2009 አሜሪካ ውስጥ እንደ ሕክምና መሣሪያ ተመዝግቧል። ሲዳብሱት ዓይኑን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ ያሰማል፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ያጫውቱታል። በአውስትራሊያ ከ400 በላይ አረጋውያን የተሳተፉበት ሙከራ ግን የሮቦት አቅሙ ከተዘጋበት ከዚያው አሻንጉሊት ጋር ሲነጻጸር ብልጫው ጠባብ መሆኑን አሳይቷል።

በጃፓን አንድ የእንክብካቤ ተቋም ውስጥ ቆይቶ ያየውን በ2023 መጽሐፍ አድርጎ ያሳተመው ተመራማሪ ጄምስ ራይት የደረሰበት መደምደሚያ በጣም የሚያሳስብ ነው። በተቋሙ የነበረው ሌላ ሰው ማንሻ ሮቦት መገፋት፣ መታሰርና መፈታት አለበት፤ በእጅ በደቂቃ የሚያልቀው ሥራ ይረዝማል። ፓሮን ማጽዳትና መጠበቅ ያሻል። ፔፐር የተባለው ተናጋሪ ሮቦት ስፖርት ሲያሠራ አጠገቡ ቆሞ አረጋውያኑን የሚያነቃቃ ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ጉልበት ይቆጥባል የተባለው መሣሪያ ሥራውን አልቀነሰም፤ ሠራተኛውን ከአረጋዊው አንስቶ ወደ መሣሪያው ወሰደው። የፔፐር ምርት በ2020 ቆሟል።

ቀጣዩ ማዕበል አካል የሌለው ተናጋሪ ነው። የኒውዮርክ ግዛት የአረጋውያን ቢሮ ከ2022 ጀምሮ ኤሊኪው የተባለውን አነጋጋሪ መሣሪያ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰዎች ያድላል፤ በደቡብ ኮሪያ የአካባቢ አስተዳደሮች መድኃኒት የሚያስታውስና የሚያወራ አሻንጉሊት ይሰጣሉ። ብቸኝነት የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ብሪታንያ በ2018፣ ጃፓን በ2021 ሚኒስትር በመሾም አምነዋል። ማሽን ሰውን እንደሚወድ አስመስሎ መናገሩ ማታለል ነው የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ አማራጩ ቀኑን ሙሉ ዝምታ ለሆነበት ሰው ግን ተቃውሞው ይሳሳል። ለአማርኛ ተናጋሪው ሌላ እንቅፋት አለ። በእስራኤል ለሚኖሩና ዕብራይስጥ በእርጅና ለተማሩ የቤተ እስራኤል አዛውንት፣ ወይም ልጃቸውን ተከትለው አሜሪካ ለገቡ እናት መሣሪያው የሚናገረው ቋንቋ የራሳቸው አይደለም።

ዝናው አነስተኛ፣ ጉዳቱ ግን ትልቅ ሊሆን የሚችለው የውሳኔ ሰጪ ፕሮግራም ነው። በአሜሪካዋ አርካንሳስ ግዛት አካል ጉዳተኞች በሳምንት ስንት ሰዓት ረዳት እንደሚገባቸው የሚወስኑት ነርሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራው ለኮምፒውተር ቀመር ተሰጠ፤ የብዙዎች ሰዓት በአንድ ጊዜ ተቆረጠ፣ ለምን ብለው ሲጠይቁም ኮምፒውተሩ ነው ከማለት በቀር የሚያስረዳ አልተገኘም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቀመሩ አንዳንድ ሕመሞችን በትክክል እንደማይቆጥር ታወቀ፤ በ2018ም ፍርድ ቤቱ አሠራሩን አገደ። በጎ ምሳሌውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኔዘርላንድ የተቋቋመው ቡርትዞርክ እስከ 12 የሚደርሱ ነርሶች ያለ አለቃ ራሳቸውን እያስተዳደሩ በየሰፈሩ የሚሠሩበት ድርጅት ነው። ኮምፒውተሩ የገባው የነርሷን ወረቀት እንዲሸከም እንጂ በሽተኛዋን እንዲመዝን አይደለም። መሣሪያ የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ሲገባ ነው።

ማሽኑ እጅን ካልተካ እጁ ከየት ይመጣል? እስካሁን የተገኘው መልስ ከድሃ አገር የሚል ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከኢንዶኔዥያ፣ በኋላም ከፊሊፒንስና ከቬትናም ተንከባካቢዎችን ታስገባለች። ብሪታንያ በ2022 ለውጭ አገር ተንከባካቢዎች የከፈተችውን በር በ2025 ለአዲስ ቅጥር ዘግታለች። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በቤሩት፣ በሪያድና በኩዌት ለቤት ሥራ ተቀጥረው የአሠሪያቸውን እናት ያስታምማሉ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በየአረጋውያን መኖሪያውና በየቤቱ የረዳትነት ሥራ ይሠራሉ። የሰው እናት የምታጥበው ልጅ ለራሷ እናት ገንዘብ ትልካለች፤ በቪዲዮ ስልክ ታያታለች። ገንዘቡ መድኃኒትና ምግብ ይገዛል፤ ትራሱን የሚያስተካክል እጅ ግን በስልክ አይላክም። ሥራውን ተምረው የሚመለሱት ሴቶች ሙያቸው አገር ቤት የሚታወቅበት ደረጃና ምዘና ቢያገኙ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኝ ተንከባካቢዎች በሆኑ ነበር።

ለኢትዮጵያ ሮቦቱ የሩቅ ወሬ ነው። በቅርብ የሚሠራው ቴክኖሎጂ የክፍያና የመታወቂያ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ከተሞችም ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ተጨምረዋል። ክፍያው በስልክና በባንክ ሲሆን አረጋዊው ለሰልፍ አይደክምም፤ ልጅም ከሩቅ በቴሌብር መላክ ይችላል። ነገር ግን የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ሌላ ሰው ከሆነ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ማጣራት ያስቸግራል። የፋይዳ መታወቂያ የሚወስደው የጣት አሻራ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲቆፍርና ሲፈልጥ በኖረ እጅ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ዓይንና ፊት አብረው መወሰዳቸው ለዚህ ይረዳል፣ ክፍያ ጣቢያው ግን አሻራ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ጥቅሙ ይቀራል።

በኢትዮጵያ አመለካከት መለወጡን ከሚያሳዩት ሁሉ ጎልቶ የሚታየው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከጎዳና አንስቷል፤ ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው ሕዝቡ ነው፣ በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ቅስቀሳ ጭምር። የሌላ ሰው አባት የኔም ጉዳይ ነው የሚለው ስሜት እዚያ በገንዘብ ተተርጉሟል። መዋጮ ግን በጎ ፈቃድ ነው፤ መብት አይደለም። ሰጪው ሲደክም ተቀባዩ የሚከስሰው የለም። የገዛ ወላጅን መጦሪያ ቤት ማስገባት ደግሞ ዛሬም እንደ ነውር ስለሚታይ ልጅ እያላቸው ብቻቸውን የሚውሉት አረጋውያን በዚህ ዓይነት ተቋም አይደረሱም።

እነርሱን ሊደርስ የሚችለው እድር ነው። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፤ በቁሙ አልጋ ላይ ለወደቀ አባል ግን በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈ ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ይህ የማይለወጥ አይደለም። ኤችአይቪ በተስፋፋበት ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የቤት ለቤት ማስታመምና የወላጅ አልባ ሕፃናት ድጋፍ ጀምረው ነበር። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ነው፤ የተሰጣት ትኩረት በእናቶችና በሕፃናት ላይ ቢሆንም። ሁለቱ ቢጣመሩ፣ ተንከባካቢዋም በሰዓት የሚከፈላት ባለሙያ ብትሆን፣ ውጤቱ ከየትኛውም ከውጭ ከሚገባ መሣሪያ ይበልጣል።

የሚቀረው የወጪው ጥያቄ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል፤ በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ይህንኑ ያሰፋል። በመዋጮ ላይ የቆመው ጡረታ ግን በ2003 ዓ.ም. ከመንግሥት ሠራተኛ አልፎ የግል ድርጅት ቅጥረኛን ሲያካትት እዚያው ላይ ቆሟል። አብዛኛው የኢትዮጵያ አረጋዊ ገበሬ ነው፤ ዛሬም ጡረታ የለውም።